ቆራሌውና ቆሼ

በስደት አገር «ሪሳይክል» የሚባለውን እንደ አዲስ ሥልጣኔ ስንቀበለው ይገርመኛል። አዲስ አበባ ያደግን ሁሉ «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ እናስታውሳለን። እናቶቻችን ያረጀ ጣሳ፣ ጠርሙስና ጫማ ይሸጡለት ነበር። ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል፤ ከብረቱ ምድጃ፣ ከመኪና ጎማው በረባሶ ይሠራል።

ነገር ግን ራሳችንን አናሞኝ። ቆራሌው የማይገዛው የወጥ ቤት ጥራጊ ለአሥርት ዓመታት ቆሼ ላይ ተከመረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። እንደ መሐንዲስነቴ የምለው ይህን ነው፦ የከተማዋ ቆሻሻ አብዛኛው በስባሽ ነው፤ ሲበሰብስ ፈሳሽና ጋዝ ያመነጫል፣ ክምሩንም ያላላል።

ስለዚህ የእናቶቻችን ጥበብ ግማሽ መንገድ ነበር። ቀሪው ልጣጩንና ትራፊውን ለይቶ ብስባሽ ማድረግ ነው። ለቤተሰብ ገንዘብ ስንልክ ይህንንም ምክር አብረን እንላክ፤ እኛም በየጓሯችን እንጀምር።