አጥፊ የማይፈለግበት ካሣ፤ የትምህርት ቤት ሠራተኞችና የሥራ ላይ ጉዳት መብት

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ አሰብ የሚዘልቀው ጎዳና ከደጋው ወርዶ የአፋር ቆላ ሳይቀበለው በሚያልፍባት በባቲ፣ በየሰኞው ገበያ ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው ግመሉንና በሬውን፣ እህሉንና ጨውን ሲገበያዩ በኖሩባት ከተማ፣ የሰው አካል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ዐዋጅ መጠበቅ አላስፈለገም፤ ደም የፈሰሰ ወይም አጥንት የተሰበረ እንደሆነ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ኦሮሞው ጉማ የሚለው ካሣ ተቆርጦ እርቅ ይወርድ ነበርና። ይሁን እንጂ ይህ የአበው ሥርዓት፣ ጥበብ የተመላ ቢሆንም፣ አጥፊውን ለይቶ ሳያውቅ ካሣ አይቆርጥም። የትምህርት ቤት ቆርቆሮ በነፋስ ተገንጥሎ መምህሩን የመታው እንደሆነ፣ ወይም የጽዳት ሠራተኛዋን እጅ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ የላጠው እንደሆነ፣ ሽማግሌው ማንን ጠርቶ ይወቅሳል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው በአውሮፓ የፋብሪካ ዘመን ነው። ጀርመን በ1884 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የአደጋ መድን ሕግ፣ በሥራው ላይ የተጎዳ ሰው ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ ሳይመረመር ካሣ ይገባዋል የሚለው መሠረተ ሐሳብ ጸና። አገራችን በ1923 እ.ኤ.አ. የዓለም ሥራ ድርጅት አባል ሆና ነበርና ሐሳቡ እንግዳ ሆኖ አልቆየባትም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሥራ ላይ ስለሚደርስ አደጋ ደነገገ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 210 ለሠራተኞች ማኅበራት ሕጋዊ በር ከፈተ። ነገር ግን በዚያ በር የመንግሥት ሠራተኛ አልገባም፤ የመንግሥት መምህርም ከደጅ ቀረ። ጉዳት ቢደርስበት ተስፋው በዚያው ዘመን የታወጀው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ብቻ ነበር።

መምህራን ግን ከዚያ አስቀድመው፣ በ1941 ዓ.ም.፣ የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ነበር። ይህ ማኅበር በኢትዮጵያ የዘመናዊ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ታላቅ ነው፤ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን የደመወዝ ጥያቄ አንሥተውና የትምህርት ዘርፍ ክለሳ የተባለውን ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ የዘውዱ ሥርዓት ከተናጋባቸው ምክንያቶች አንዱ እርሱ ሆነ። ሆኖም በዚያ ሁሉ ትግል ጎልቶ የተሰማው የደመወዝና የክብር ጥያቄ ሲሆን፣ የአካልና የጤና ጥያቄ ድምፁ ደካማ ነበረ። በኋላም ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ የስሙና የንብረቱ ክርክር እስከ 2000 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ሲጎተት፣ ስለ ህልውናው የሚሟገት ማኅበር ስለ አባሉ የተሰበረ ክንድ የሚከራከርበት ጊዜ አላገኘም። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነበር።

የሚያሳዝነውም መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎ የነበረ መሆኑ ነው። መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ዩኔስኮና የዓለም ሥራ ድርጅት በፓሪስ ጉባኤ ያጸደቁት የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት ምክረ ሐሳብ፣ መምህሩ በክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከግቢ ውጭ በትምህርት ቤት ጉዳይ ላይ ሳለ ለሚደርስበት ጉዳት ጥበቃ እንዲያገኝ ይመክራል፤ ከዚህም አልፎ በሕፃናት ዘንድ የሚዛመት ተላላፊ በሽታ ከተማሪዎቹ የተጋባበት መምህር፣ በሽታው ከሥራ የመጣ ሆኖ እንዲቆጠርለት ያሳስባል። በአንድ ጠባብ ክፍል ተማሪ ተጨናንቆ፣ በባቲ ሙቀት መስኮቱ ከአቧራው የተነሣ ተዘግቶ፣ የጠመኔ ብናኝ በብርሃኑ ጨረር ሲንሳፈፍ ያየ ሰው ይህ ቃል ለማን እንደ ተጻፈ አይስተውም።

ዛሬ ሕጉ ሁለት ጎን አለው። የግል ትምህርት ቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ይተዳደራል፤ በሥራ ላይ ተጎድቶ ቢተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊነቱ አይወርድለትም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኛ ግን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግና በጡረታ ዐዋጅ ይዳኛል፤ በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ 2014 ዓ.ም. የጸናው ዐዋጅ ቁጥር 714 የመሥራት ችሎታውን ላላጣ ተጎጂ የጉዳት ዳረጎት ይሰጥ የነበረው፣ ጉዳቱ ከመቶ 10 ያላነሰ መሆኑን የሕክምና ቦርድ ሲያረጋግጥለት ነበር። የማኅበር ጥላም ቢሆን ለሁሉ እኩል አይደርስም፤ ሌሊት ብርድ እየመታው ግቢውን የሚጠብቀው ዘበኛና በባዶ እጇ በረኪና የምትነክረው የጽዳት ሠራተኛ፣ በስሙም በታሪኩም የመምህራን በሆነው ማኅበር ውስጥ ስፍራቸው የት ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘትን መብት ሲያውጅ ቀለም የያዘውንና መጥረጊያ የያዘችውን አልለየም።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ባቲና ከሚሴ በደረሰ ጊዜ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፣ ተዘረፉም፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጄኔቭ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ሥራ ድርጅት ጉባኤ ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች መካከል ቈጠረው። መምህሩ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የተሰነጠቀ ግድግዳና የተላቀቀ ጣሪያ ጠበቀው፤ አደጋው ገና ሳይደርስ የሚታይ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ባቲ ላለችበት ዞን የመምህራን ማኅበር ነው። ጉዳት በደረሰበት ዕለት ያልተጻፈ እንደሆነ፣ ከወራት በኋላ በሕክምና ቦርድ ፊት የቆመው ሰው በሥራ ላይ እንደ ተጎዳ የሚያስረዳበት ምን ይኖረዋል? በየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና የመሠረታዊ ማኅበሩ ተጠሪ በጋራ የሚፈርሙበት አንድ የአደጋ መዝገብ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተዘጋጅቶ፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የምስክሩን ስምና የጤና ጣቢያውን የካርድ ቁጥር የሚይዝ፣ ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋንም ከመምህሩ ሳይለይ የሚመዘግብ፣ ከአንድ ደብተር የበለጠ ወጪ አይጠይቅም፤ ማኅበሩ በሚቀጥለው ጉባኤው ሊወስነው ይችላል።