ትዕግሥትና የምርጫ ወረቀት

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ይህ ቃል ለብዙ ዘመን የተገዢውን ሕዝብ አፍ ዘግቶ ኖሯል። ክፉ ሹም የመጣበት ባላገር ሹመቱ እስኪያልፍ ችሎ ከማደር በቀር መንገድ አልነበረውምና፥ መቻሉን ትዕግሥት ብሎ ሰየመው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ለሴትም ለወንድም፥ የመምረጥ መብት ሰጠ። ከዚያ በኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ተመረጡ። ነገር ግን ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበረ፥ መሬት የሌለው ጢሰኛ መምረጥ እንጂ መመረጥ አይሆንለትም ነበር። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ የመቻል ልማዳችን ግን አብሮ አልተለወጠም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለው ትዕግሥት መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ ሀዋሳ እንሂድ። ሀዋሳ የደቡብ ክልልም የሲዳማ ዞንም መቀመጫ ነበረች። በ1994 ዓ.ም. የከተማይቱን አስተዳደር ለመለወጥ በታሰበ ጊዜ፥ ሐሳቡን የተቃወሙ ሲዳማዎች ከየገጠሩ ወደ ከተማው ተጓዙ። ግንቦት 16 ቀን ከከተማው ዳር፥ ሎቄ በተባለው ስፍራ፥ ተተኰሰባቸው፤ ብዙዎችም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለዓመታት ሐዘኑን ይዞ ተቀመጠ። ዝም ያለ ሕዝብ የተስማማ ይመስላል፤ ሹማምንትም በዚህ ይታለላሉ።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ራሱን የቻለ ክልል የመሆንን ጥያቄ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ያዛል። ዓመቱ ሞላ፤ ሕዝበ ውሳኔው ግን አልተደረገም። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በሀዋሳና በሲዳማ ወረዳዎች ሁከት ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፥ ቤት ተቃጠለ። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ቀኑን ያዘገዩት አልነበሩም። ለዘመናት የተቻለ ነገር ሲፈነዳ በዳዩን ከጎረቤት አይለይምና።

ከአራት ወር በኋላ፥ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ ያው ሕዝብ በዚያው ከተማና በዚያው ገጠር ረጅም ሰልፍ ይዞ ቆመ። ፊደል ያልቈጠረም እንዲለየው ሁለት ምልክት ቀርቦለት ነበር፦ ክልል ለመሆን የሲዳማ ባህላዊ የመመገቢያ ዕቃ ሻፌታ፥ በነባሩ ክልል ለመቆየት ጎጆ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ፤ እኒህ ሴት ራሳቸው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ እስር ቤት የገቡ ናቸው። (የገዛ አገራችን ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ልብ ወለድ ይመስላል።) ከተመዘገቡት 2,280,147 ሰዎች 2,277,063ቱ ድምፅ ሰጡ፤ ለሻፌታም 2,225,249 ድምፅ ተቈጠረ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። በጥይት ፊት ተሂዶ ያልተገኘው፥ በእሳትም ያልተገኘው፥ በአንድ ቀን ሰልፍ ተገኘ።

ክልል መሆን ግን ብቻውን መልካም አስተዳደር አይደለም። የራስ ወገን የሆነ ሹምም ያጠፋል፤ እንዲያውም «የእኛው ነው» እየተባለ ይበልጥ ይታለፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ከባዱ ምርጫ ይህ ነው፤ የሚያውቁትን ሰው በሥራው መዝኖ ድምፅ መንፈግ። ስለዚህ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የክልሉን ምክር ቤት አባላት ለመምረጥ የተደረገው ሰልፍ ከፊተኛው ያነሰ ጉዳይ አልነበረም።

«የእኔ አንዲት ድምፅ ምን ትፈይዳለች?» የሚል ብዙ ነው። በዚያ የኅዳር ቀን 33,463 ሰዎች ለጎጆ ድምፅ ሰጡ። እንደሚሸነፉ ሳያውቁት አልቀሩም፤ ቢሆንም ተሰልፈው ሐሳባቸውን ከሣጥኑ ከተቱ፥ ቦርዱም ቈጥሮ ለሕዝብ አስታወቀላቸው። በስሕተት ተሞልተው ዋጋ ያጡት 18,351 ወረቀቶች እንኳ አንድ በአንድ ተቈጥረዋል። በሎቄ የወደቁት ሰዎች ቍጥር ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።