የውጊያ ጠመንጃ እና የማጥቂያ ጠመንጃ

የውጊያ ጠመንጃ ሙሉ ኃይል ያለው ጥይት የሚተኩስ፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ራሱ የሚያጎርስ የእግረኛ ወታደር መሣሪያ ነው። የማጥቂያ ጠመንጃ ደግሞ መካከለኛ ኃይል ያለው ጥይት የሚጎርስ ሲሆን ነጠላም ተከታታይም መተኮስ ይችላል። ሁለቱን በዋናነት የሚለያቸው መልካቸው ሳይሆን ጥይታቸው ነው።

አመጣጥ

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የእግረኛ ጠመንጃ ጥይት ከ800 ሜትር በላይ እንዲደርስ ታስቦ ይሠራ ነበር። በጦርነቱ ግን አብዛኛው የእግረኛ ተኩስ ልውውጥ ከ400 ሜትር ባነሰ ርቀት እንደሚካሄድ ታወቀ። ስለዚህ ጀርመኖች የጥይቱን ቀለህ አሳጥረው፣ ባሩዱንም ቀንሰው 7.92×33 ሚ.ሜ. ጥይት ሠሩ። ይህን ጥይት የሚተኩሰው ጠመንጃ ሽቱርምገቨር 44 ይባላል፤ ትርጉሙም «የማጥቂያ ጠመንጃ» ነው።

ሶቭየት ኅብረትም በ7.62×39 ሚ.ሜ. ጥይት የሚሠራውን የሚኻይል ካላሽኒኮቭን ኤኬ 47 በ1949 እ.ኤ.አ. ለሠራዊቷ ተቀበለች። የዚህ ዓይነት ጠመንጃዎች በኢትዮጵያ «ክላሽ» በመባል ይታወቃሉ።

ኔቶ በአንጻሩ በ1954 እ.ኤ.አ. ሙሉ ኃይል ያለውን 7.62×51 ሚ.ሜ. ጥይት መለኪያው አደረገ። የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋል፣ የምዕራብ ጀርመኑ ጂ 3 እና የአሜሪካው ኤም 14 በዚህ ጥይት የሚሠሩ የውጊያ ጠመንጃዎች ናቸው። ኤም 14 የተገኘው ከኤም 1 ጋራንድ ሲሆን፣ ኤም 1ን በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ታጥቀውት ነበር።

የጥይቶች ንጽጽር

አኃዞቹ ግምታዊ ናቸው፤ እንደ ጥይቱ ሥሪት ይለያያሉ።

• 7.62×51 ሚ.ሜ.፦ አረሩ 9.5 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 840 ሜትር፣ ጉልበቱ 3,350 ጁል
• 7.62×39 ሚ.ሜ.፦ አረሩ 7.9 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር፣ ጉልበቱ 2,000 ጁል
• 5.56×45 ሚ.ሜ.፦ አረሩ 3.6 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 990 ሜትር፣ ጉልበቱ 1,750 ጁል

ጉልበት የሚሰላው የአረሩን መጠነ ቁስ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ በማባዛት ነው። በዚህ የተነሳ የ5.56 አረር ከ7.62×39 አረር ግማሽ ያነሰ ቢመዝንም ጉልበቱ ብዙም አይርቅም።

ጥቅምና ጉዳት

የውጊያ ጠመንጃ ሩቅ ይመታል፤ አረሩ ግንብንና እንጨትን ይበልጥ ይበሳል። ይህ ግን በሰፈር ውስጥ በሚደረግ ውጊያ ከግድግዳ ጀርባ ላሉ ሰላማዊ ሰዎች አደጋው የከፋ ነው። ጠመንጃው ትከሻን በኃይል ስለሚገፋ፣ በተከታታይ ሲተኮስ አፈሙዙ ሽቅብ እየተነሳ ዒላማውን ይስታል። ኤም 14 በቬትናም ጦርነት የተተቸበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ልዩነት ሸክም ነው። አንድ ሙሉ 7.62×51 ጥይት ወደ 24 ግራም ሲመዝን 5.56 ጥይት ወደ 12 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 200 ጥይት የሚይዝ ወታደር በመጀመሪያው 4.8 ኪሎ፣ በሁለተኛው 2.4 ኪሎ ይሸከማል። በተመሳሳይ ክብደት እጥፍ ጥይት መያዝ ይቻላል ማለት ነው።

አሜሪካ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በ5.56 ወደሚሠራው ኤም 16 ተሸጋገረች። ሆኖም የጥይቱ ባሩድ መለወጡና የጥይት መጉረሻው በክሮም አለመለበጡ ጠመንጃው በውጊያ መሀል እንዲነክስ አድርጎ የወታደሮችን ሕይወት አስከፍሏል። ችግሩ በክሮም ልባጥ፣ በባሩድ ማሻሻያና በተሻለ ጽዳት ተቃለለ። ኔቶም በ1980 እ.ኤ.አ. 5.56 ጥይትን ሁለተኛ መለኪያው አድርጎ ተቀበለ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

በአፍጋኒስታን ተራሮች ተኩስ ከሩቅ ይመጣ ስለነበር የአሜሪካ ጦር ኤም 14ን ለአንዳንድ ተኳሾች መልሶ አስታጠቀ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ 6.8×51 ሚ.ሜ. ጥይት የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ መረጠ። ይህ ጥይት ኃይሉ ለውጊያ ጠመንጃ የቀረበ በመሆኑ፣ በርቀትና በሸክም መካከል ያለው ምርጫ ዛሬም እንዳልተቋጨ ያሳያል።