ስለ መቀሌ ቁጣና ስለ ባለ ጠመንጃ ግፍ

ሕዝብ በቁጣ በተነሣ ጊዜ ሹማምንት አብዝተው የሚጠይቁት ማን እንዳነሣሣው ነው። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ማን በገበያ መካከል እንደ ተገረፈ፥ የማንስ በሬ እንደ ተነዳ ግን አይጠይቁም። የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሁለተኛውን መመርመር ይገባዋልና እኛም የመቀሌን ነገር ከዚህ እንጀምራለን።

ጣሊያን ጥቅምት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. መቀሌን ይዞ አምስት ዓመት ያህል ገዛ። ያገሬው ሰውም በገዛ ምድሩ በቆዳው ቀለም እየተለየ ተዋረደ፤ በ1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋራ እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ። በዚያው ዓመት የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ የሆነውን እልቂት አንባቢ ሁሉ ያውቀዋልና አንደግመውም። ጠላት በ1933 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ሕዝቡ የገዛ መንግሥቱ ወታደር እንደ ወንድም ይጠብቀኛል ብሎ ተስፋ አደረገ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ለአገር ጥበቃ የተመደበው ጦር ስንቁና ደመወዙ በወጉ ስለማይደርሰው በገበሬው ቤት ገብቶ ይበላ፥ ከብት ይነዳ፥ ሴቶችንም ይደፍር ነበር። ግብር ሰብሳቢው ከተቈረጠው በላይ ይጠይቃል፤ ዳኛውም መማለጃ ይቀበላል። ዮሐንስ መጥምቅ ወታደሮች ቀርበው በጠየቁት ጊዜ ስለ ግፍና ስለ ደመወዝ አንድነት የመለሰላቸው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ካህናት ያስተውሉታል፤ ያልተከፈለው ወታደር ደመወዙን ከድኻ ጓዳ ይወስዳልና። አንዳንድ ሰዎች ዐመፁን ሁሉ በመሳፍንት ቅሬታ ያሳብባሉ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው ያስተዳደር ደንብ የመሳፍንቱን ሥልጣን መቀነሱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የመስፍን ቅሬታ ብቻውን በብዙ ሺህ የሚቈጠር ገበሬ ከእርሻው አያስነሣም።

ነገሩ ከራያና ከዋጅራት ተነሥቶ ወደ እንደርታ ተዛመተ፤ ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳም መሪው ሆኑ። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ጠመንጃ በየቤቱ ነበረ። በመስከረም 1936 ዓ.ም. ወያኔዎቹ ኲሓን፥ ከመቀሌ በላይ ያለውን የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ፥ ቀጥሎም መቀሌን ራሷን ያዙ። እንዳ ኢየሱስ ማለት በጥር 1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች ውኃ ተከልክለው የለቀቁት ያው ኰረብታ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ቆሞበታል።

ዐመፁን ለማብረድ የዘመቱት ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዪቱ የፖሊስ አለቃ የነበሩ፥ ከዚያም አምስት ዓመት በአርበኝነት የተጋደሉ ሰው ናቸው። ትናንት ባዕድን የተዋጋ ዛሬ ወገኑን ሊወጋ መሄዱ የዘመኑን መከራ ያሳያል። መንገዱ በአምባ አላጌ ላይ ስለ ተዘጋ መንግሥት የእንግሊዝን እርዳታ ጠየቀ፤ ከዓደን የተነሡ አይሮፕላኖችም በመስከረም መጨረሻ መቀሌን በቦምብ ደበደቡ፥ ብዙ ሰላማዊ ሰውም አለቀ። በጥቅምት መጀመሪያ ከተማዪቱ ተመለሰች። የዐመፀኞቹ መሬት ተወረሰ፤ ብላታም ብዙ ዘመን በግዞትና በእስር ኖሩ።

ስሙ ግን አልታሰረም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በረሃ የገቡት ወጣቶች ወያነ የሚለውን ስም ከአባቶቻቸው ወርሰው ያዙት። በ1936 ዓ.ም. ሕፃን የነበረ ሰው ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን በገበያ ቀን በአይሮፕላን ስትደበደብ ሰማ፤ ያን ጊዜ ባዕድ የነበረው አብራሪ አሁን ያገር ልጅ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። የ1935 ዓ.ም. ወታደር ገበሬውን የገፈፈው በዘሩ ጠልቶት አልነበረም፤ የድኻ ጌታ ስላጣ ነው። ግፍ ሲደጋገም ግን የተገፋው ሰው በዘሬ ነው ይላል፤ ገፊውም ውሎ አድሮ በዘር መለየት ይለምዳል። በ2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በወጣ ጊዜ በአዲስ አበባ ሰዎች በትግሬነታቸው እየተለዩ የሚታሰሩ መምሰሉን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ አስታውቋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ስለ ተደረገው ጦርነት ግን ቁስሉ አልደረቀምና በዚህ ዓምድ አንፈርድም።

በውጭ አገርም ነገሩ ይኸው ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ በ1957 ዓ.ም. ፖሊስ አንድ ጥቁር ወጣት በመንገድ ላይ በያዘ ጊዜ የዋትስ ሰፈር ነደደ፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ጥቁር ሰው ደብድበው የተከሰሱ ፖሊሶች በፍርድ ቤት ነጻ በወጡ ጊዜ ከተማዪቱ እንደ ገና ነደደች። ከትግራይና ከጎንደር በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል አገር ቤት ደርሰናል ብለው ብዙ ነገር በትዕግሥት አሳለፉ። በጥር 1988 ዓ.ም. የለገሱት ደም በስውር ሲጣል እንደ ኖረ በተሰማ ጊዜ ግን በኢየሩሳሌም ከፖሊስ ጋራ ተጋጩ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ፖሊሶች አንድ ትውልደ ኢትዮጵያ ወታደር መለዮውን እንደ ለበሰ ሲደበድቡ በካሜራ ታየ፤ ቴል አቪቭም ታወከች። የፍትሕ ሚኒስቴር ያቆመው ኮሚቴ በ2008 ዓ.ም. መድልዎ መኖሩን አምኖ ጻፈ። ሰኔ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ በሐይፋ አጠገብ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያ ወጣት ተኩሶ ገደለ፤ አውራ ጎዳናውን ከዘጉት ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ ልጆች ነበሩ።