ሰው መሰል ሥራና የተመልካች ስሜት

የሰውን አምሳል ቀርጾ ማቆም ጥንታዊ ልማድ ነው። በጌዴኦ፣ በቱቱ ፈላ የመቃብር ስፍራ ከቆሙት ትክል ድንጋዮች ብዙዎቹ የሰው ፊትና አካል ተቀርጾባቸዋል፤ ድንጋይነታቸው ግን ስለማይሸሸግ ተመልካቹን አያደናግሩም። ጃፓናዊው የሮቦት ሊቅ ማሳሂሮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳመለከተው፣ አንድ ሥራ ሰውን እየመሰለ በሄደ መጠን የተመልካቹ ቀረቤታ ይጨምራል፤ ፈጽሞ ለመምሰል ጥቂት ሲቀረው ግን ስሜቱ በድንገት ወደ መሸማቀቅ ይለወጣል፤ እንቅስቃሴ ሲታከልበትም ይበረታል። ይህ በጊዜው በሙከራ ያልተረጋገጠ ሐሳብ ነበር፤ በኋላ የተደረጉት ጥናቶችም አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም። የአይኮግ ላብስ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በሶፍትዌር ሥራዋ የተሳተፉባት ሮቦት ሶፊያ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ታየች። ስለዚህ በዲላም ሆነ በሬኮ የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪው የመልክን መመሳሰል ከማሰብና ከመሰማት ለይቶ እንዲመረምር ሊያሠለጥነው ይገባል።