የተሸጎጠ መሣሪያ በመናኸሪያ

ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ ስሙን በወሰደበት በመናኸሪያው ደጃፍ ማልዶ የተገኘ ሰው፣ ጎሕ ሳይቀድ የረዳቶቹ ጥሪ «ሻሸመኔ፣ ዲላ፣ ይርጋ ዓለም» እያለ ሲያስተጋባ፣ ጆንያው ከትከሻ ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ ሲተላለፍ፣ የማይተዋወቅ ሕዝብ ደረት ለደረት ሲገፋፋ ያያል። በዚህ ግፊያ መካከል አንድ መንገደኛ ሻንጣውን ለማቀበል ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣ እንደ ሆነ ኮቱ አብሮ ይነሣል፤ ኮቱም ሲነሣ በወገቡ የተሻጠው የሽጉጥ እጀታ ለቅጽበተ ዓይን ይገለጣል። ለቀማኛ ይህ ይበቃዋል።

«ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ መሆኑን ማንም የአማርኛ ተናጋሪ ያውቀዋል፤ ነገር ግን አባቶቻችን ለዚህ ንዋየ ሐቅል ስም ሲያወጡለት ከድምፁም ከሚያደርሰው ጉዳትም ሳይሆን ከአያያዙ መውሰዳቸውን ቆም ብለን ያሰብንበት ጥቂቶች ነን። ጦር በእጅ ይያዛል፣ ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፣ ጎራዴም ግራ እጅ ለጋሻ ስለሚያስፈልግ በቀኝ ጎን ይታጠቃል፤ እነዚህ ሁሉ ለተመልካች ግልጥ ስለ ሆኑ ወደ እነርሱ የሚዘረጋውም እጅ እንዲሁ ግልጥ ነው። ሽጉጥ ግን ይሸጎጣል፤ የተሸጎጠም ነገር ከባለቤቱ በቀር ጠባቂ የለውም።

በልማደ ሀገራችን ግን መሣሪያ ያለ ሰው አይሄድም ነበር። መኰንኑ በበቅሎ ሲጓዝ ጋሻውን ጋሻ ጃግሬው፣ ጠመንጃውን አሽከሩ ይሸከሙለት ነበርና፣ ትጥቁ የሚጠበቀው በአፎቱ ጥብቀት ሳይሆን በዙሪያው በነበሩት ዐይኖች ብዛት ነበር። ሰዎቹ ከሌሉ ትጥቁም እንደሌለ ለማስረዳት ከዚሁ ከሲዳሞ ምድር የተነሣ ታሪክ ይበቃናል። በሀገረ ሰላም ተቀምጠው ሲዳሞን ይገዙ የነበሩት የዐድዋው ጀግና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በ1920 ዓ.ም. በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ መኰንን ተጠርተው ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ብዙ ሺህ ጭፍራ አስከትለው፣ ሠፈራቸውንም በንፋስ ስልክ አድርገው ነበር። ወደ ቤተ መንግሥት ግብዣ በተመረጡ ዘበኞቻቸው ታጅበው፣ ተጠንቅቀው ገቡ፤ እርሳቸው በማዕድ ላይ ሳሉ ግን አልጋ ወራሹ የላኳቸው ራስ ካሣ ወደ ሠፈሩ ሄደው ጭፍራውን በገንዘብና በማባበል በተኑት። ደጃዝማቹ ከግብዣው ሲመለሱ የታመኑበት ሠራዊት አልነበረም፤ ሹመታቸውም በዚያው አበቃ። እኚህን የመሰለ ጦረኛ፣ በወገባቸው ያለውን ማንም ሳይነካባቸው፣ ትጥቃቸውን በአንድ ቀን አጡ።

ሐዋሳ ከዚያ ዘመን ብዙ ቆይታ፣ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ገዥ በነበሩበት ጊዜ በሐይቁ ዳር ተቈረቈረች፤ በጡረታ የተሰናበቱ ወታደሮችም መሬት እየተሰጣቸው ሠፈሩባት። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና በመካከሏ ስለሚያልፍ፣ መንገደኛና ጦር መሣሪያ አብረው የሚመላለሱባት ከተማ መሆኗ አልቀረም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት በተበተነ ጊዜ ወታደሩ ትጥቁን በስንቅ ዋጋ እየሸጠ በየአቅጣጫው ሲሄድ፣ ከዚያ በፊት የሹም ምልክት የነበረው ሽጉጥ፣ አሽከርም ዘበኛም በሌለው በተራ ሰው ወገብ ላይ ገባ።

የወታደርና የፖሊስ ሥርዓት የዚህን አደጋ መድኃኒት አስቀድሞ ዐውቆታል። በሀገራችን በሚታወቀው በማካሮቭ ሽጉጥ እጀታ ግርጌ በስተግራ አንዲት ትንሽ ቀለበት አለች፤ በእርሷ የሚገባው የተጎነጎነ ክር መሣሪያውን ከባለቤቱ ገላ ጋር ስለሚያስተሳስረው፣ የመነተፈው እጅ ይዞት ሊሮጥ አይችልም። በባሕር ማዶም ፖሊሶች በገዛ ሽጉጣቸው መገደላቸው ስለ በዛ፣ በአሜሪካ የካንሳስ ሲቲ ፖሊስ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እጀታው በሌላ ሰው ሲያዝ እንዴት ማስለቀቅ እንደሚቻል የሚያሠለጥን ሥልት አወጣ። ሲቪሉ ሰው ግን ክሩን አያስረውም፤ ክሩ የሸጎጠውን ምሥጢር ያወጣበታልና።

ሕጉ አልጐደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል፣ የወንጀል ሕጋችንም በድብቅ የወሰደውን በስርቆት፣ በኃይል የነጠቀውን በውንብድና ይቀጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፈቃድ ያለው ጨዋ ሰው ነው። ስልኩን የተነጠቀ ሰው ጉዳቱ በእርሱ ላይ ያበቃል፤ ሽጉጡን የተነጠቀ ግን ጥይቱ በማን ደረት እንደሚያርፍ ሳያውቅ፣ በስሙ የተመዘገበው ቁጥር በሌላ ሰው እጅ ሲዞር ሌሊቱን ሁሉ ሲጨነቅ ያድራል። ስለዚህ ፈቃድ በኪሱ ቢኖረውም ሽጉጥ ታጥቆ ወደ መናኸሪያ ግፊያ መግባት አይገባውም እላለሁ፤ ግድ ከሆነበትም ብቻውን አይግባ።

አንድ ማለዳ በዚያው በመናኸሪያው አጥር ሥር አንድ ሽማግሌ አየሁ፤ ቀኝ ክርናቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ እንደ ታመመ ክንድ ሳያላቅቁ ቆመዋል። ምን እንደ ያዙ ከክርናቸው አነበብሁት፤ እኔ ካነበብሁትም ሌላው እንደሚያነበው ዐውቄ ልቤ ፈራ። ሕዝቡ ወደ አውቶቡሱ በር ሲጋፋ እርሳቸው ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው፣ ቅርጫታቸውን ተሸካሚ ወደ ጣሪያው እስኪያወጣላቸው ጠበቁ። በሩ ጋ ግፊያው ሲሳሳ ወደ ፊት ተራመዱ፤ አብሯቸው የነበረውም ወጣት፣ «አባባ፣ ቀስ ይበሉ» ብሎ፣ ሳይታዘዝ በቀኛቸው በኩል ዞሮ ቆመ።