ማርያም የሳመችው ዓይን

በእኛ አገር ሕፃን ጥቁር ምልክት ይዞ ሲወለድ «ማርያም ስማው ነው» ይባላል። ይኸው ምልክት ዓይን ውስጥም፣ ከሬቲና ሥር ባለው ኮሮይድ በሚባለው ሽፋን ላይ እንደሚወጣ የሰማሁት አሜሪካ መጥቼ የዓይን ፎቶ አንሺ ሆኜ ስቀጠር ነው። ሐኪሞቹ ኒቨስ ይሉታል። አብዛኛው ዕድሜ ልኩን አርፎ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ግን ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር ነው። ችግሩ ሁለቱ ትንሽ ሳሉ መመሳሰላቸው ነው። ሜላኖማው በብዛት የሚያጠቃው ነጮችን፣ በተለይ ዓይናቸው ሰማያዊ የሆነውን ስለሆነ አዲስ አበባ ሳለሁ ስሙንም አላውቀውም ነበር።

ሄልምሆልትዝ በ1851 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የዓይን ውስጥ መመልከቻውን ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ ሐኪሞች ጥቁሩን እብጠት በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማየት ቻሉ። ያዩትን ግን ፈሩት። ሜላኖማ ጉበት ላይ ከሰፈረ ሰውየው አይተርፍም፤ ስለዚህ ዓይኑ ይወጣ ነበር። በ1964 የታተመ ጥናት ግን ሜላኖማ አለባቸው ተብለው ከወጡት ዓይኖች ከ5ቱ አንዱ ገደማ ሜላኖማ እንዳልነበረበት አሳየ። ያለ ጥፋቱ የወጣ ዓይን! በ1978 ደግሞ የዋሽንግተኑ ፓቶሎጂስት ሎሬንዝ ዚመርማንና ባልደረቦቹ ዓይን ማውጣቱ ራሱ የካንሰሩን ሕዋሳት ይበትን እንደሆነ ጠየቁ። ሙግቱ ጦፈ።

ዓይንን ሳያወጡ በጨረር ማከም ቀድሞም ተጀምሮ ነበር። ለንደን ውስጥ ኮባልት ያዘለ ትንሽ ሳህን ዓይን ላይ ይሰፋ የነበረው ስታላርድ፣ በ1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ሦስተኛ የወጣ ሯጭ ነው። ሯጭ ለሚወድ አገር ሰው ይህን ሳልነግር ማለፍ አልሆነልኝም።

ለትንንሾቹ ግን መልሱ መጠበቅ ሆነ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ በተካሄደው ትልቅ የጋራ ጥናት፣ ውፍረቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ እብጠት ያለባቸው 204 ሰዎች ክትትል ተደረገላቸው። በ2 ዓመት ውስጥ 21 በመቶው፣ በ5 ዓመት ውስጥ 31 በመቶው አደገ። በ1995 ፊላደልፊያ ያሉት ሺልድስ ባልና ሚስት የሚያድገውን አስቀድሞ የሚጠቁሙ ምልክቶችን ለዩ፦ ከ2 ሚሊሜትር በላይ መወፈር፣ ከሬቲና ሥር ውኃ መቋጠር፣ የእይታ መታወክ፣ ብርቱካንማ ቀለም፣ ጠርዙ የዓይን ነርቭ መነሻ ላይ መድረሱ።

እኔ ሥራዬ ዕድገቱን ማሳየት ነበር። አሮጌውንና አዲሱን ስላይድ የብርሃን ሳጥን ላይ ጎን ለጎን አደርግና የደም ሥሮቹን እከተል ነበር። የነጥቡ ጠርዝ አምና ከደም ሥሩ መንታ በታች ከነበረ፣ ዘንድሮ ካለፈው፣ አደገ ማለት ነው። ውፍረቱ በአልትራሳውንድ ይለካል፤ መሣሪያው ትንሽ ዘንበል ካለ ቁጥሩ ይዋሻል። ፎቶውን የማምነው ለዚህ ነው።

አንዲት አሮጊት ግን አይረሱኝም። ክሊኒኩ ሲታደስ የአራት ዓመት ስላይዳቸው ጠፋ። «አድጓል ወይ?» አለኝ ሐኪሙ። ምን ልመልስ? ያን ቀን አዲስ ፎቶ አንስተን እንደገና መጠበቅ ጀመርን፤ እሳቸውም አራቱን ዓመት በከንቱ እንደተመላለሱ ነው የቆጠሩት።

ዓይናችሁ ውስጥ ነጥብ አለ ከተባላችሁ፣ የመጀመሪያውን ፎቶ ኮፒ ቀኑን ጽፋችሁ ቤታችሁ አስቀምጡት።